ተሳቢና መብራቱ፦ ከአሰብ መንገድ እስከ መካነ ሰላም ደጋ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ ሲነሳ በአብዛኛው የሚወሳው የአባላት ብዛት፣ የካፒታል ዕድገትና ለአርሶ አደሩ የቀረበው የማዳበሪያና የምርጥ ዘር መጠን እንደሆነ ይታወቃል። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ማዳበሪያው ከወደብ ተነስቶ የቀበሌ መጋዘን እስኪደርስ የተጓዘበት መንገድና የተጫነበት ተሽከርካሪ ታሪክም የማኅበራቱ ታሪክ አካል ነው። በተለይ በለጋምቦ፣ በቦረና፣ በወግዲ፣ በከለላና በሳይንት ደጋማ ቀበሌዎች ግብዓት በወቅቱ መድረሱም ሆነ ትርፍ ምርት ለገበያ መውጣቱ በጭነት መኪና ላይ የተመሠረተ ነው።

ይህ ጽሑፍ ከዚሁ ታሪክ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር መርጦ ይመለከታል። እርሷም በተሳቢ ኋላ የምትገኘው ቀይ መብራት ናት። መኪናው ቆሞ ሲሞከር የበራ መብራት ጉዞ ከተጀመረ በኋላ የሚጠፋው ለምንድን ነው? አሽከርካሪዎችና ረዳቶች፣ የጋራዥ ባለሙያዎችና ተሽከርካሪ የሚከራዩ ማኅበራት ሁሉ የሚገጥማቸው ጥያቄ ነው። የመልሱ ፍሬ ነገርም ብልሽቱ በአብዛኛው የሚገኘው አምፖሉ ላይ ሳይሆን መኪናውና ተሳቢው በሚገናኙበት ቦታ መሆኑ ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት በተሳቢው ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

ከአጋሰስ ወደ ጭነት መኪና

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ለረጅም ዘመን የአህያ፣ የበቅሎና የአጋሰስ አገር ነበር። እህል ወደ ገበያ የሚወጣው፣ ጨውና ሸቀጥም የሚገባው በጭነት ከብት ጀርባ ነበር። አውቶሞቢል ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ያመጣው ነው። ይህ ግን ሰው የሚጫንበት እንጂ ኩንታል የሚያነሳ አልነበረም።

ከባድ የጭነት መኪና በብዛት የታየው በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። ወራሪው ጦር ስንቅና ጥይት ለማመላለስ ከአስመራ በደሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ፣ ከአሰብም ወደ ደሴ የሚወስዱ መንገዶችን ሠራ። የጣርማ በር ዋሻም የተቦረቦረው በዚሁ ጊዜ ነው። በእነዚህ መንገዶች ከተመላለሱት መኪኖች መካከል እ.ኤ.አ. በ1931 መመረት የጀመረው በናፍጣ የሚሠራው ፊያት 634 ይገኝበታል። መንገዱ ለወረራ የተሠራ ቢሆንም ከነፃነት በኋላ የአገሪቱ ንግድ ዋና መስመር ሆኖ ቀርቷል።

የዚያን ዘመን አሻራ ከመንገዱ ባልተናነሰ በቋንቋው ላይ ይታያል። የዛሬ ሾፌርና መካኒክ የሚጠቀምባቸው ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጋቢና፣ ፍሬቻ፣ ስፒና፣ ብሎን፣ ፒንሳና ካቻቢቴ የመሳሰሉት ቃላት ከጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። በየዓመቱ የተሽከርካሪ ምርመራ ካለፉ በኋላ መስታወት ላይ የሚለጠፈው “ቦሎ”ም እንደዚሁ ነው።

ከነፃነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በቀጣዮቹ ዓመታት በአሰብ መስመር ላይ ስሙ የገነነው ፊያት 682 ኤን 3 ነበር። አገሬው ቁጥሩን በጣልያንኛ አጠራር ይዞ “ኤንትሬ” ብሎታል። እ.ኤ.አ. በ1970 ደግሞ በተለምዶ አምቼ የሚባለው ፋብሪካ በአዲስ አበባ ተቋቁሞ የፊያት፣ በኋላም የኢቬኮ ጭነት መኪናዎችን መገጣጠም ጀመረ። ከወደብ ብዙ ጭነት በአንድ ሾፌርና በአንድ ሞተር ማምጣት አዋጭ በመሆኑ ከመኪናው ኋላ ሌላ ጋሪ፣ ማለትም ተሳቢ፣ መቀጠል በረጅም ርቀት ጭነት የተለመደ አሠራር ሆነ።

የመኪና እጥረት ምን ያህል የሕይወትና የሞት ጉዳይ እንደሆነ ወሎ በመራራ ሁኔታ አይታለች። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወቅት የእርዳታ እህል ወደብ ላይ እየተከማቸ የሚያነሳው መኪና በበቂ አልተገኘም። መኪና ሊደርስባቸው ባልቻለባቸው ደጋማ ሥፍራዎች የእንግሊዝና የሌሎች አገሮች አውሮፕላኖች እህል ከአየር ላይ እስከ መጣል ደርሰዋል። ከዚያ ዘመን ትምህርት አንዱ የእህል መኖር ብቻውን በቂ አለመሆኑና የሚያደርሰው መንገድና መኪናም አብሮ ሊኖር እንደሚገባ ነው።

ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከኤርትራ ጋር በተነሳው ጦርነት ምክንያት የአሰብ ወደብ አገልግሎት ሲቋረጥ ጭነቱ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለወሎ የሚመጣው ማዳበሪያ በጋላፊና በሚሌ አልፎ ኮምቦልቻ መድረስ ጀመረ። በዚያው ሰሞን የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ወጣ። መሠረታዊ ማኅበራትና ዩኒየኖች በአዲስ መልክ ሲደራጁ የግብዓት ሥርጭት ዋና ተዋናይ ሆኑ። በመሆኑም ቀድሞ የነጋዴውና የትራንስፖርት ድርጅቱ ጭንቀት የነበረው የተሳቢ ጉዳይ የአርሶ አደሩ ማኅበር ጉዳይ ሆነ።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና እስከ 400 ኩንታል ያነሳል። ይህም ባለ 50 ኪሎ ግራም 800 ጆንያ ማዳበሪያ ማለት ነው። አንድ አባል 2 ኩንታል ይወስዳል ቢባል በአንድ ጉዞ የ200 አባወራዎች የዓመት ተስፋ በአንድ መኪና ላይ ተጭኗል። እንግዲህ ይህ መኪና መንገድ ላይ ቢጋጭ ወይም መብራት የለውም ተብሎ ቢቆም የሚዘገየው የ200 ማሳ ዘር ነው።

የስፒናው ታሪክ

መኪና ሲጀመር መብራቱ የጋዝ ወይም የካርባይድ ፋኖስ ነበር። የኤሌክትሪክ መብራት በመደበኛነት የተገጠመላቸው መኪኖች ከእ.ኤ.አ. 1910ዎቹ ጀምሮ እየተስፋፉ መጡ። ፋኖስ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ በመሆኑ ተሳቢው ላይ ቢሰቀል ከፊተኛው መኪና ጋር ጉዳይ አልነበረውም። የኤሌክትሪክ መብራት ግን ኃይሉን የሚያገኘው ከመኪናው ባትሪ ስለሆነ በሁለቱ መካከል ሽቦ መዘርጋት፣ ሽቦውም ተሳቢው ሲፈታ የሚነቀል፣ ሲያያዝ የሚሰካ መሆን ግድ ሆነ። የተሳቢ መብራት ችግር አብዛኛው ታሪክ የሚጀምረው ከዚህች መሰኪያ ነው።

በመጀመሪያ እያንዳንዱ አገርና ፋብሪካ የየራሱን ስፒና ይሠራ ነበር። የአንዱ መኪና ለሌላው ተሳቢ የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነበር። ይህን ለማስተካከል ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ለ24 ቮልት ከባድ ተሽከርካሪዎች ባለ 7 ፒን ስፒና ወጥ ደረጃ አወጣ። ቁጥሩም አይ.ኤስ.ኦ. 1185 ይባላል። በዚህ ደረጃ መሠረት 1ኛው ፒን ነጭ ሽቦ ሲሆን የኔጌቲቭ መመለሻ ነው። 2ኛው ጥቁር፣ የግራ ኋላ መብራት፤ 3ኛው ቢጫ፣ የግራ ፍሬቻ፤ 4ኛው ቀይ፣ የፍሬን መብራት፤ 5ኛው አረንጓዴ፣ የቀኝ ፍሬቻ፤ 6ኛው ቡናማ፣ የቀኝ ኋላ መብራት ነው። 7ኛው ሰማያዊ ሲሆን ለተጨማሪ አገልግሎት የተተወ ነው።

ለትራክተር፣ ለፒካፕና ለትናንሽ ጋሪዎች የሚያገለግለው የ12 ቮልት ስፒናም ባለ 7 ፒን ነው። ነገር ግን የፒኖቹ ሥራ አንድ አይደለም። በ12 ቮልቱ ደረጃ 1ኛው ፒን የግራ ፍሬቻ፣ 3ኛው ደግሞ የኔጌቲቭ መመለሻ ነው። ስለዚህ ቁጥርን ብቻ ተከትሎ 1ን ከ1፣ 3ን ከ3 ጋር ያገናኘ ሰው ፍሬቻውን ከኔጌቲቭ ጋር አገናኝቶ ፊውዝ ያቃጥላል።

በአገራችን ይህ መደበላለቅ የበረታበት የራሱ ምክንያት አለው። መኪኖቹ ከአንድ አገር የመጡ አይደሉም። ከኢጣልያው ኤንትሬ ቀጥሎ በደርግ ዘመን እንደ ካማዝ፣ ኡራልና ዚል የመሳሰሉ የሶቪየት ኅብረት ሥሪቶች ገቡ። በኋላም የጀርመን፣ የጃፓንና የቻይና መኪኖች ተከተሉ። ካማዝ በ24 ቮልት ሲሠራ ዚል 130 በ12 ቮልት የሚሠራ ነበር። ተሳቢው ደግሞ ከመኪናው ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል። ሞተር የለውምና የጎተተው መኪና አርጅቶ ሲወገድ እርሱ ለሌላ መኪና ይሸጣል። በእያንዳንዱ ሽያጭም ሽቦው ይቆረጣል፣ ይቀጠላል፣ ቀለሙ ይለዋወጣል። ከሦስት ባለቤቶች በኋላ ነጩ ሽቦ ነጭ፣ ቀዩም ቀይ ላይሆን ይችላል።

ቆሞ የሚበራ፣ ሲጎተት የሚጠፋ

ኤሌክትሪክ ሄዶ የሚመለስ ነገር ነው። ከባትሪው ወጥቶ በሽቦ አምፖሉ ዘንድ ይደርሳል፤ አምፖሉን አብርቶ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። በመኪናው ላይ የመመለሻው መንገድ ብረቱ፣ ማለትም ሻንሲው ነው። ስለዚህ ለመኪናው አምፖሎች የመመለሻ ሽቦ እምብዛም አያስፈልግም። ተሳቢው ግን የራሱ ሻንሲ ያለው ሌላ አካል ነው። የእርሱ ሻንሲ ከመኪናው ሻንሲ ጋር በአስተማማኝ የሚገናኘው በነጩ ሽቦ፣ በ1ኛው ፒን ብቻ ነው።

ይህ ሽቦ ሲበጠስ ወይም ፒኑ ሲዝግ ኤሌክትሪኩ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል። የሚያገኘውም የመጎተቻውን መንጠቆና ቀለበት ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ ብረት በብረት ላይ ተጭኖ ስለሚውል መብራቱ ይበራል፤ ረዳቱም አይቶ “ይሠራል” ይላል። ጉዞ ሲጀመር ግን መንጠቆው ይላላል፣ ይጠብቃል፣ ይነጥራል። በመካከሉ ግራሶና አቧራ አለ። መብራቱ ድርግም ይላል፣ ዳገት ላይ ይበራል፣ ቁልቁለት ላይ ይጠፋል። ብዙ ሰው አምፖል ደጋግሞ እየቀየረ ገንዘቡን የሚያባክነው በዚህ ጊዜ ነው።

ለዚህ ብልሽት ሌላም ምልክት አለው። መመለሻ ያጣ ኤሌክትሪክ በሌላው አምፖል በኩል መውጫ ስለሚፈልግ፣ ፍሬቻ ሲያዝ የኋላ ቀይ መብራት አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ፍሬን ሲረገጥም መብራቶቹ መፍካት ሲገባቸው ይፈዛሉ። ይህን ያየ ሾፌር ሌላ ሳይነካ ነጩን ሽቦ መፈለግ ይኖርበታል።

የመንገዱና የአየሩ ሁኔታም ብልሽቱን ያባብሳል። ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚደርሰው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ለብዙ ዓመታት የጠጠር መንገድ ሆኖ ቆይቷል። ጠጠር ያንቀጠቅጣል። መንቀጥቀጥ የአምፖል ክር ይበጥሳል፣ ብሎን ያላላል፣ ሽቦን ከሻንሲ ጋር ያፋትጋል። የክረምት ጭቃና ውኃ ስፒናው ውስጥ ገብቶ ፒኑን አረንጓዴ ዝገት ያለብሰዋል። ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በቆላ ደረቅ መንገድ የተወሰነ ጊዜ ይቆይ ይሆናል፤ በደጋ ክረምት ግን ናስትሮው ውኃ ይዞ ሽቦውን ከውስጥ ያበሰብሰዋል።

ፍለጋው በቅደም ተከተል

ልምድ ያላቸው የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ብልሽት የሚፈልጉት ከመሐል ጀምረው ነው። መሐሉም ስፒናው ነው። ቅደም ተከተሉ የሚከተለውን ይመስላል።

በመጀመሪያ የመኪናው የራሱ የኋላ መብራት ይታያል። የመኪናው በርቶ የተሳቢው ብቻ ከጠፋ ባትሪውና ማብሪያው ደህና ናቸው ማለት ነው። የሁለቱም ከጠፋ ፊውዝና ማብሪያ ይፈተሻሉ። የተሳቢው ፊውዝ ለብቻው የሆነባቸው መኪኖች ስላሉ ይህም አይዘነጋም።

ሁለተኛ ስፒናው ተነቅሎ በዓይን ይታያል። የተጣመመ፣ የዛገ ወይም ወደ ውስጥ የገባ ፒን ይስተካከላል፤ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል። የተከፈለ ፒን በካቻቢቴ ጫፍ ትንሽ ከፈት ሲደረግ አጥብቆ ይይዛል።

ሦስተኛ በሁለት ሽቦ የተንጠለጠለ አንድ ባለ 24 ቮልት አምፖል ይዘጋጃል። አንዱ ጫፍ የመኪናው ሶኬት 1ኛ ፒን ላይ፣ ሌላው በየተራ በቀሪዎቹ ላይ ይደረጋል። ረዳቱ ጋቢና ውስጥ ሆኖ መብራት፣ ፍሬቻና ፍሬን በተራ ያሠራል። አምፖሉ በሁሉም ላይ በደንብ ከበራ መኪናው ጤነኛ ነው፤ ብልሽቱ ያለው ወደ ተሳቢው ነው። ለዚህ ሥራ አምፖል ከቮልት መለኪያ ይሻላል። ምክንያቱም አንድ የሽቦ ክር ብቻ የቀረው ገመድ መለኪያው ላይ 24 ቮልት ያሳያል፤ አምፖል ግን ማብራት አይችልም። መለኪያው ደህና ያለውን አምፖሉ ያጋልጠዋል።

አራተኛ ስፒናው ተሰክቶ ከመኪናው ሻንሲ ወደ ተሳቢው ሻንሲ አንድ ወፍራም ሽቦ ለጊዜው ይዘረጋል። ዝገትና ቀለም ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ መያዝ አለበት። በዚህ ጊዜ የጠፋው መብራት ከበራ ጥፋተኛው ነጩ ሽቦ መሆኑ ተረጋገጠ።

አምስተኛ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ መብራት ብቻ ካልበራ አምፖሉና መያዣው ይታያሉ። አምፖሉ ላይ የተጻፈው ቮልትም ይነበባል። 24 ቮልት ላይ የገባ ባለ 12 ወዲያው ይቃጠላል፤ 12 ቮልት ላይ የገባ ባለ 24 ደግሞ ጭላንጭል ብቻ ይሰጣል። የኤል.ኢ.ዲ. መብራት መንቀጥቀጥን በተሻለ ይቋቋማል፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን ያለ መመለሻ ሽቦ አይበራም።

በመጨረሻም ሞተር ተነስቶ፣ ተሳቢው ተጎትቶ፣ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ እያየ ይሞከራል። ቆሞ የተሞከረ መብራት ግማሽ ፈተና ብቻ እንዳለፈ ይቆጠራል።

ያልታየ ተሳቢ

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የትራፊክ ቅጣት ለመሸሽ ብቻ እንዳልሆነ መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ይገነዘባል። ጉጉፍቱ ላይ ጉም ሲወርድ በቀትርም ቢሆን ከፊት ያለውን መለየት ያዳግታል። ማዳበሪያ የጫነ ተሳቢ ዳገቱን የሚወጣው በእግረኛ ፍጥነት ነው። ከኋላው የሚመጣው አውቶቡስ ወይም አይሱዙ ግን ባዶውን ሊከንፍ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለችው ብቸኛ ማስጠንቀቂያ ያች ቀይ መብራት ናት። የፊተኛው መኪና መብራት ብቻ ከበራ ደግሞ የባሰ ነው። ከጎን የሚያልፍ ሰው መኪናው እዚያ ያበቃ መስሎት ወደ ተሳቢው ሊገባ ይችላልና። ከገበያ የሚመለሱ እናቶችና አህያ የሚነዱ ልጆች በዚሁ መንገድ ጠርዝ ላይ ናቸው።

ሕጉ ጉዳዩን ችላ አላለውም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ እንዲመረመሩ ይደነግጋል። በ2000ዎቹ ዓመታትም መንግሥት የአደጋውን መብዛት አይቶ ተሳቢዎች በከፊል ተሳቢ እንዲተኩ አቅጣጫ አውጥቶ ነበር፤ የጊዜ ገደቡም በባለንብረቶች ጥያቄ ሲራዘም ቆይቷል። ሆኖም ከፊል ተሳቢም ቢሆን መብራቱን የሚያገኘው በስፒና ነው። የዓመት ምርመራም የሚመሰክረው ለምርመራው ዕለት ነው። ሽቦ ደግሞ በማግሥቱ ሊበጠስ ይችላል።

ስለዚህ ኃላፊነቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ባለንብረቱ ሾፌሩን፣ ሾፌሩ ረዳቱን፣ ረዳቱ መንገዱን ይወቅሳል። ማኅበሩ ደግሞ “እኛ ጫኝ እንጂ መካኒክ አይደለንም” ሊል ይችላል። ነገር ግን መኪናው ጭኖ የሚነሳው ከማኅበሩ ወይም ከዩኒየኑ መጋዘን በር ነው። የመጫኛ ሰነድ የሚፈርመውም የማኅበሩ ሠራተኛ ነው። በኪራይ ውል ላይ “የተሳቢው የኋላ መብራት፣ ፍሬቻና የፍሬን መብራት ሳይሠራ ጭነት አይነሳም” የሚል አንድ መስመር መጨመር ወጪ የለውም። የመጋዘን ኃላፊው ከመፈረሙ በፊት መኪናውን 20 ሜትር አስነድቶ ከኋላ ማየትም 5 ደቂቃ አይፈጅም። ማኅበሩ መለዋወጫ ቢያስቀምጥ ደግሞ አንድ ስፒና፣ ጥቂት አምፖል፣ ፊውዝና ነጭ ሽቦ የሚሞላው አንዲት ካርቶን ብቻ ነው።

ኤሌክትሪክ የማይፈልገውም መከላከያ አይዘንጋ። ተሳቢ ኋላ ላይ የሚገጠሙት ሦስት ማዕዘን ቀይ አንጸባራቂዎች ሽቦ ቢበጠስም የኋለኛውን መኪና ብርሃን መልሰው ያሳያሉ፤ ጭቃቸው እስከተጠረገ ድረስ። መንገድ ላይ የተበላሸ መኪናም በድንጋይና በቅጠል ብቻ ሳይሆን በማስጠንቀቂያ ምልክት ሊታጠር ይገባል። መኪናው ሲነሳም ድንጋዩ አብሮ ይነሳ፤ በጨለማ የተተወ ድንጋይ ሌላ አደጋ ነውና።

ከአጋሰስ ዘመን እስከ ዛሬ ወደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የገባው ጭነት በመጠን እጅግ አድጓል። በአንድ መኪና የ200 አባወራ ማዳበሪያ የሚጓጓዝበት ደረጃ ላይ ተደርሷል። ጭነቱ ሲያድግ ጥንቃቄውም አብሮ ማደግ ይኖርበታል። አባቶች “ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ። ለተሳቢ ቅጠሉ አንድ ነጭ ሽቦና አንድ የጠራ ፒን ነው። የመጋዘን ኃላፊዎች፣ የማኅበራት የቦርድ አባላትና የወረዳ ባለሙያዎች ከመጪው የማዳበሪያ ሥርጭት ወቅት አስቀድመው ይህንኑ በውላቸውና በመጫኛ ቅጻቸው ላይ ቢያሰፍሩ፣ የሚጠቀመው ግብዓቱን የሚጠብቀው አባልና በዚያው መንገድ በምሽት ወደ ቤቱ የሚመለሰው ቤተሰቡ ነው።